ለትንሽ ማተሚያ ቤት የትኛው ክሪዚንግ ማሽን ያዋጣል? ባለ እጀታ፣ ባለ ዲስክና አውቶማቲክ

ጥቁር መደብ ያለው ካርድ በ300 ግራም አርት ካርድ (ቅብ ያለው፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት) ላይ በዲጂታል ታትሞ በእጅ ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ይሰነጠቅና ነጭ መስመር ይወጣል፤ የደንበኛ ዓይንም መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። በኦፍሴት ሥራ ችግሩ ይቀላል። ቶነር (የዲጂታል ማተሚያ ዱቄት ቀለም) ግን በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ የተጣበቀ ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ ስለሆነ ሲታጠፍ ይሰበራል። ስለዚህ በዲጂታል የሚሠራ ቤት ከ170 ግራም በላይ ያለውን ወረቀት ሁሉ፣ መደቡ የጠቆረ ከሆነ 150 ግራሙንም ጭምር፣ ክሪዝ ሳያደርግ (የእጥፋቱን መስመር አስቀድሞ በማሽን ሳያጎደጉድ) ማጠፍ የለበትም።

ገበያ ላይ «ክሪዚንግ ማሽን» ተብሎ የሚሸጠው ግን አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጠው ባለ እጀታ እስከ ባለ ፕሮግራሙ ድረስ የዋጋው ልዩነት ሰፊ ነው። ሻጭ ቀድሞ የሚነግራችሁ ፍጥነቱን ነው፤ በሰዓት ይህን ያህል ሺህ እያለ። በቀን ጥቂት መቶ ካርድ፣ ሜኑ፣ ብሮሹርና የመጽሐፍ ሽፋን ለሚያወጣ ቤት ፍጥነት በሦስተኛ ደረጃ የሚጠየቅ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚታየው ቢላውና ቦዩ ነው፤ ቀጥሎ የወረቀት ማቆሚያው። በእነዚህ ሁለቱ የወደቀ ማሽን በፍጥነቱ አይካስም። የተበላሸ ሥራ ቶሎ ቶሎ ያወጣላችኋል እንጂ።

ቢላውና ቦዩ

ክሪዝ የሚወጣው ስለት የሌለው ቢላ ወረቀቱን ከሥሩ ወዳለው ቦይ ሲገፋው ነው። የላይኛው ፊት ላይ የጎደጎደ መስመር፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ጉብታ ይፈጠራል። ወረቀቱ አልተቆረጠም፤ በዚያ መስመር ላይ ውስጡ ስለላላ ብቻ ሳይጎተት ይታጠፋል። ቦዩ ከወረቀቱ ውፍረት ጋር ካልተመጣጠነ ግን ይህ አይሆንም። ከጠበበ ቢላው ወረቀቱን ይቆርጠዋል፤ ከሰፋ ክሪዙ ዝርግ ይሆንና ወረቀቱ መስመሩን ትቶ በፈለገበት ይታጠፋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የወረቀቱን ውፍረት በሁለት አባዙና የቢላውን ውፍረት ደምሩበት፤ የቦዩ ስፋት ይህ ነው። የተለመደው ቢላ ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። 0.3 ሚሊ ለሚሆን 300 ግራም አርት ካርድ 0.3 ሲባዛ በ2፣ ሲደመር 0.7፣ 1.3 ሚሊ ይመጣል። 0.18 ሚሊ አካባቢ ለሆነ 200 ግራም ወደ 1 ሚሊ ይወርዳል። ግራሙን ብቻ አይቶ መወሰን ግን ያሳስታል። ለሠርግ ጥሪ የሚመረጠው ሸካራ ወይም ቅብ የሌለው ወረቀት በተመሳሳይ ግራም ከአርት ካርድ ይወፍራል፤ 300 ግራሙ እስከ 0.4 ሚሊ ሊደርስ ይችላል። ማይክሮሜትር ከሌለ 20 ሉክ ደራርቦና ጠበቅ አድርጎ ይዞ በካሊፐር መለካትና ለ20 ማካፈል ይበቃል።

ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ስፋት ያለው ቦይ አብሮት ይመጣል?» ብላችሁ ነው። አንድ ቦይ ብቻ ያለው ማሽን የአንድ ወረቀት ማሽን ነው። ቢያንስ ሁለት ይኑረው፤ አንዱ 1 ሚሊ አካባቢ፣ ሌላው ከ1.3 እስከ 1.5። መልሱ «ለሁሉም ይሆናል» ከሆነ የራሳችሁን ወረቀት አውጡና እዚያው ፊቱ ሞክሩ። ክሪዝና ፐርፎሬሽን (በቀላሉ የሚቀደድ የቀዳዳ መስመር) አንድ ላይ ይሠራል የሚባለውንም አብጠርጥራችሁ እዩ። ለፐርፎሬሽን የሚገባው ጥርስ ያለው ቢላ ሌላ፣ ለክሪዝ የሚገባው ድፍኑ ሌላ መሆን አለበት። አንዳንድ ርካሽ ማሽን ክሪዝ የሚለው ወረቀቱን በስለት በስሱ መሠንጠቅን ነው። እንዲህ የተሠራ ሜኑ ሲያስረክቡት ያምራል፤ ምግብ ቤት ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ግን ብዙም ሳይቆይ ለሁለት ይከፈላል።

የጉብታው ነገርም ብዙ ቦታ ተገልብጦ ይሠራል። ጉብታው ከእጥፋቱ ውስጥ መቅረት አለበት፤ የጎደጎደው መስመር በውጭ ይሆናል። ሰው በደመ ነፍስ ወደ ጎድጓዳው ያጥፋል፤ ያኔ ውጪው ፊት ከልክ በላይ ይለጠጥና ይሰነጠቃል። ቢላው ከላይ በሚወርድበት ማሽን ላይ የካርዱ የውጭ ፊት ወደ ላይ ሆኖ ይገባል ማለት ነው። ዜድ ቅርጽ ያለው ብሮሹር ሲሆን አንዱ እጥፋት ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ስለሆነ፣ ከአንድ ወገን ብቻ በሚመታ ማሽን ላይ ወረቀቱን ገልብጦ ሁለተኛ ጊዜ ማስገባት ግድ ነው። ይህንን ሳያሰሉ ዋጋ መስጠት ሥራውን በኪሳራ ያስጨርሳል።

ባለ እጀታው

በቀን ከ500 እስከ 600 ምት ለማይበልጥ ቤት ምርጫችን ይኸው ነው፤ ያለ ማመንታት። ዝርግ ጠረጴዛ፣ በሙሉ ስፋቱ የሚወርድ ቢላ፣ ከሥሩ ቦይ፣ ከኋላ በመለኪያ የሚንሸራተት ማቆሚያ፤ ሌላ ነገር የለውም። መብራት አይፈልግም፤ መብራት በሚጠፋበት ቀንም ሥራው አይቆምም። የሚቃጠል ኤሌክትሮኒክ ቦርድ የለውም። ከቻይና የሚገቡት አብዛኞቹ 46 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት አላቸው፤ ለ32 በ45 ሴንቲ ኤስአርኤ3 ወረቀት በሁለቱም አቅጣጫ ይበቃል። 33 ወይም 35 ሴንቲውን በርካሽ አገኘን ብላችሁ አትውሰዱ። በረጅሙ ጎን በኩል ክሪዝ የሚደረግ ሥራ በመጣ ቁጥር ወረቀቱን ቀድሞ መቁረጥ ይኖርባችኋል። ከአውሮፓ የቼኩ ሲክሎስ ጂፒኤም 450 በዚህ መደብ የታወቀ ነው። ዋጋው ከቻይናዎቹ በብዙ ይበልጣል፤ ልዩነቱ የሚታየው በማቆሚያው ጥብቀትና በቢላው ቀጥ ማለት ላይ ነው።

ጊዜውን እናስላው። 300 የሠርግ ካርድ፣ እያንዳንዱ ሁለት ክሪዝ፣ 600 ምት ይሆናል። እጁ የለመደ ሠራተኛ በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ይመታል፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት እስከ ሰዓት ከሩብ ባለው ጊዜ ያልቃል። የሁለት ሺህ ካርድ ትእዛዝ ሲመጣ ግን ቀኑን ሙሉ ከመውሰዱም በላይ ከሰዓት በኋላ ትከሻ ይደክምና ምቱ እኩል መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ እጀታው መውረጃ መጨረሻ ላይ የጥልቀት መገደቢያ ብሎን ያለውን ምረጡ። ብሎኑ ካለ የጠዋቱም የማታውም ምት አንድ ጥልቀት ላይ ይቆማል፤ ከሌለ ጥልቀቱ የሚወሰነው በሠራተኛው ጉልበት ነው።

ሌላው ደካማ ጎናቸው መሃሉ ነው። የቢላው መያዣ ብረት ከሳሳ ሲጫን ይለመጣል፤ ሁለቱ ጫፎች ጥልቅ፣ መሃሉ ደብዛዛ ይሆናል። 45 ሴንቲ ወረቀት በሙሉ ርዝመቱ መትታችሁ በመስኮት ብርሃን አግድም ያዙት። ጥላው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መታየት አለበት። አንዱ ጫፍ ብቻ ከደበዘዘ የብሎን ማስተካከያ ነው፤ መሃሉ ከደበዘዘ ግን ማሽኑን ተዉት፤ የሚስተካከል ነገር የለውም።

ማቆሚያውን ለመፈተን ሁለት ሙከራ ይበቃል። ማዕዘኑ በትክክል የተቆረጠ ኤ4 ወረቀት ያዙና ማቆሚያውን 148.5 ሚሊ ላይ አስራችሁ አንዴ ምቱ። ፊቱን ሳትገለብጡ ግማሽ ዙር አዙሩትና በሌላው ጫፉ በኩል አስገብታችሁ ድገሙት። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ መለኪያው ልክ ነው። 1 ሚሊ ከተራራቁ ስህተቱ ግማሽ ሚሊ ነው፤ ሙከራው ስህተቱን እጥፍ አድርጎ ስለሚያሳይ በዓይን ለማየት ይቀላል። ይህ ሙከራ ግን መጣመምን አያሳይም። ለሱ በሌላ ወረቀት ላይ አንዴ ምቱና ወረቀቱን ፊቱን ወደ ታች ገልብጡ፤ ያው ጠርዝ ማቆሚያውን እንደነካ ድገሙት። መስመሮቹ መሃል ላይ ተገናኝተው ጫፍ ላይ እንደ መቀስ ከተከፈቱ ማቆሚያው ከቢላው ጋር ትይዩ አይደለም። ሁለት የማቆሚያ ብሎን ያለው ማሽን ይታረማል፤ አንድ ብቻ ያለው ወረቀቱ በገፋው ቁጥር ይዞራል። ማቆሚያው ወደ ኋላ ቢያንስ 21 ሴንቲ መሄዱንም አረጋግጡ፤ ኤ3 ለሁለት የሚታጠፈው እዚያ ላይ ነው።

ባለ ዲስኩ ኤሌክትሪክ

እዚህ ላይ ወረቀቱ በሁለት ዘንጎች መካከል ያልፋል። የላይኛው ዘንግ ላይ ያለው ዲስክ ከታች ወዳለው ባለ ቦይ ቀለበት ይጫነዋል። ፈጣን ነው፤ ከአውቶማቲኩም በብዙ ይረክሳል። ያም ሆኖ ለዲጂታል ካርድ ሥራ አንመክረውም።

አንደኛው ምክንያት፣ መስመሩ ወረቀቱ በገባበት አቅጣጫ ስለሚወጣ ክሪዙ ቀጥ የሚለው ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ከገባ ብቻ ነው። አገባቡ በትንሹ ከዘነበለ መስመሩም ይዘነብላል፤ የጎን መመሪያው አጭር በሆነ ማሽን ላይ ይህ በየመቶው ደጋግሞ ይገጥማል። ሁለተኛው፣ ዲስኩ የብረት ከሆነ የሚሽከረከረው ጠርዝ ቶነሩን እየደቆሰ ያልፋል፤ ጥቁር መደብ ላይ አንጸባራቂ ጭረት ይተዋል። ሦስተኛው የዲስኮቹ ርቀት ነው። 200 ገጽ ያለው በ80 ግራም የታተመ መጽሐፍ 100 ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ 0.1 ሚሊ ከሆነ ጀርባው 10 ሚሊ ይወጣል። የኤ5 ሽፋኑ አራት ክሪዝ ይፈልጋል፤ ሁለቱ በጀርባው ጠርዝ፣ ሁለቱ ከዚያ 6 ሚሊ ራቅ ብለው ሽፋኑ የሚከፈትበት ላይ። በኋላ ተቆርጦ የሚወገደውን ትርፍ ጠርዝ ሳይጨምር ከጠርዝ ሲለካ 142፣ 148፣ 158 እና 164 ሚሊ ላይ ማለት ነው። የዲስክ መያዣ ቀለበቶች ወፍራም በሆኑበት ማሽን ላይ ሁለት ዲስክ 6 ሚሊ ድረስ አይጠጋጋም፤ ሽፋኑ ሁለት ጊዜ ማለፍ ይኖርበታል። ሁለት ጊዜ ያለፈ ደግሞ ሁለት ጊዜ የመጣመም ዕድል አለው።

ባለ ዲስኩ የሚያዋጣው ቲኬት፣ ኩፖንና ደረሰኝ በብዛት ለሚሠራ ቤት ነው፤ ፐርፎሬሽኑ ላይ ጎበዝ ነው። የማጠፊያ ማሽን ቀድሞውኑ ያላቸው ቤቶች ደግሞ ሌላ አማራጭ አላቸው። የእንግሊዙ ቴክኒፎልድ የሚሠራቸው ዓይነት የጎማ ክሪዝ ቀለበቶች በማጠፊያው ዘንግ ላይ ይገጠማሉ። ከብረት ዲስኩ የተሻለ ክሪዝ ያወጣሉ፤ ጎማው ግን ያልቃል፤ ለማጠፊያችሁ ሞዴልና ለዘንጉ ውፍረት የሚሆነውን ነጥሎ ማዘዝ ያስፈልጋል።

አውቶማቲኩ

እንደ ሞርጋና ኦቶክሪዘር ያሉት ወረቀቱን በሞተር ስበው በተሰጠው ልክ ያቆሙትና ቢላውን በሙሉ ስፋቱ ያወርዱታል። የባለ እጀታውን ጥራት በፍጥነት የሚሰጥ ማሽን ይኸው ነው፤ ልኩ በማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ በሚቀጥለው ወር በቁጥር ይጠራል። የዱፕሎ ዲሲ ተከታታይ ማሽኖች መቁረጡንም አብረው ይሠራሉ፤ ለትንሽ ቤት ግን ያ ዋጋ ሌላ ዲጂታል ፕሬስ ላይ ቢውል ይሻላል።

መግለጫው ላይ የተጻፈው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ክሪዝ መሆኑን አትርሱ። ማሽኑ ለእያንዳንዱ መስመር ስለሚቆም ባለ አራት መስመሩ ሽፋን ላይ ፍጥነቱ በብዙ ይወርዳል። ከፍጥነቱ ይልቅ ወረቀት የሚያነሳበትን መንገድ እዩ። በጎማ እየፈተገ የሚስበው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ላሚኔት የተደረገ (በፕላስቲክ ፊልም የተሸፈነ) ወረቀት ላይ ይንሸራተታል፤ ሁለት ሁለት ያስገባል፤ ጥቁር ቶነር ላይም የጎማ ምልክት ይተዋል። በአየር የሚስበው ውድ ነው፤ ላሚኔት በብዛት ለሚሠራ ቤት ግን ሌላው አያዋጣም። የገዛችሁት በጎማ የሚስበውን ከሆነ ወረቀቱን ከማስገባታችሁ በፊት በደንብ አናፍሱት፤ ጎማውንም ዱቄትና ቶነር ሲያለሰልሰው በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረጉት። ቤንዚንና ቲነር ጎማ ያደርቃሉ።

አሮጌውን ሃይደልበርግ ቲገል (ፎርም ወረቀት ላይ እየተጫነ የሚያትም የጀርመን ማሽን) በቁጥርና በፐርፎሬሽን ሥራ ያቆዩ ማተሚያ ቤቶች ደግሞ ሌላ ማሽን ላያስፈልጋቸው ይችላል። ምርቱ በ1985 እ.ኤ.አ. ቆሟል፤ እስከ 26 በ38 ሴንቲ የሆነ ወረቀት ላይ ክሪዝ ሲያደርግ የሚስተካከለው የለም። ችግሩ ዝግጅቱ ነው፤ ለ50 ሜኑ ተብሎ ፎርም ማሰርና (የክሪዝ ቢላውን በብረት ፍሬም ውስጥ ማጥበቅና) ማስተካከል አያዋጣም። ከአንድ ሺህ በላይ ሲሆን ብቻ አስነሱት።

ጥፋቱ ሁሉ የማሽኑ አይደለም

ትክክለኛ ቦይ፣ ትክክለኛ ወገን ሆኖም የሚሰነጠቅ ወረቀት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የወረቀቱ ቃጫ የተኛበት አቅጣጫ ነው። እጥፋት ከቃጫው ጋር ትይዩ ሲሆን ለስላሳ ነው፤ ሲያቋርጠው ይሰባበራል። ኤስአርኤ3 ወረቀት ቃጫው በ45 ሴንቲው በኩል የሚሄድ ከሆነ ሁለት ኤ4 ተደርድረውበት ወደ ኤ5 የሚታጠፉት እጥፋታቸው ከቃጫው ጋር ይሄዳል። በዚያው ወረቀት ላይ አንድ ኤ3 ታትሞ ወደ ኤ4 ከታጠፈ ግን ቃጫውን ያቋርጣል። ስለዚህ ለትልቅ ሜኑ ቃጫው በአጭሩ ጎን የሚሄድ ወረቀት ፈልጉ። ካላገኛችሁ ቦዩን በአንድ ደረጃ አስፉትና መጀመሪያ ላሚኔት አድርጉ።

ላሚኔሽን ሁልጊዜ ከክሪዝ ይቀድማል። ከሙቅ ማሽን እንደወጣ ግን አትምቱት፤ ጥቂት ሰዓት ይረፍ። ክሪዙ ላይ ፊልሙ ከተነሳና የአየር መስመር ከታየ ቢላውን ከመነካካት በፊት የላሚኔተሩን ሙቀትና ግፊት ማየት ይሻላል፤ ፊልሙ ቶነሩን በደንብ አልያዘውም ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አየሩ አለ። ከጥቅምት እስከ ጥር ደረቅ ነው፤ የሠርግ ካርድ የሚበዛውም ወደ ጥር ሲቃረብ ነው። የተከፈተ ወረቀት መደርደሪያ ላይ ሰንብቶ ሲደርቅ ቃጫው ይሰባበራል። የሚያስፈልገውን ብቻ ከማሸጊያው አውጡና ቀሪውን መልሳችሁ በፕላስቲክ ጠቅልሉ። ዲጂታል ማሽኑ ራሱ ወረቀቱን በሙቀት ስለሚያደርቀው ከታተመ በኋላ እስከ ማግስቱ ቢያድር ጥሩ ነው።

የኤ4 ሦስት እጥፍ ብሮሹር ላይ የሚመጣው ቅሬታ ደግሞ ከክሪዙ ይልቅ ከልኩ ነው። ሦስቱም ገጽ እኩል 99 ከሆነ ወደ ውስጥ የሚገባው ገጽ ይጨማደዳል። ውስጥ ገቢው 97፣ ሁለቱ 100 ይሁኑ። ከአጭሩ ገጽ ጠርዝ ለክታችሁ 97 እና 197 ላይ ምቱ፤ ሁለቱም ከአንድ ጠርዝ ይለኩ። ዲዛይነሩም ይህንኑ ልክ ከመጀመሪያው ይወቀው።

ስትገዙ

ከቤት ይዛችሁ የምትሄዱት ናሙና ቢያንስ አሥር ሉክ ይሁን፤ በራሳችሁ ማሽን ሙሉ ጥቁር የታተመ 300 ግራም፣ ግማሹ ከቃጫው ጋር ግማሹ ቃጫውን አቋርጦ የሚታጠፍ፣ ሁለት ሦስቱ ላሚኔት የተደረገ። ሱቁ ውስጥ ያለው ነጭ ወረቀት የማንኛውንም ማሽን ክሪዝ ያሳምራል። ናሙናችሁን ምቱ፣ እስከ መጨረሻው እጠፉ፣ በጥፍር ተጫኑ፣ ከዚያ መልሳችሁ ክፈቱና እዩ። ከቃጫው ጋር የታጠፈው ላይ ነጭ ከታየ ቦዩ ወይም ቢላው ለእናንተ አይሆንም።

ኤሌክትሪክ ከሆነ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሳህን ራሳችሁ አንብቡ፤ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ነጠላ ፌዝ። 110 ቮልት የሆነ ያገለገለ ማሽን በትራንስፎርመር ይሠራል ተብሎ ይሸጣል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ቮልቱን እንጂ 60 ኸርዙን ወደ 50 አይለውጠውም። ባለ ቦርድ ማሽን ያለ ስታቢላይዘር አትሰኩ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት መሬት ያለው መሆኑንም በኤሌክትሪሺያን አስፈትሹ፤ ወረቀት የሚያጣብቀው ስታቲክ አንዱ መንስኤው የመሬት መስመር አለመኖሩ ነው።

ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለሳምንት ላይቆይ ይችላል፤ ፕሮፎርማው የሚጸናበት ቀን ይጻፍበት። ለባለ እጀታው አንድ ትርፍ ቢላና የሁለቱም ስፋት ትርፍ ቦይ፣ ለአውቶማቲኩ ደግሞ የመሳቢያ ጎማ፣ ሴንሰርና ፊውዝ በዚያው ፕሮፎርማ ላይ በየስማቸውና በየዋጋቸው ተዘርዝረው ይግቡ። «መለዋወጫ አለ» የሚለው ቃል ብቻውን ከሆነ ሻጩ መጋዘኑን ከፍቶ ያሳያችሁ።